የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ወራት የዕድገት እክል ያለባቸው ልጆችና ወላጆቻቸው

ከጎጃም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ በአንድ ጉዳይ ስለሚገናኙ የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። ጉዳዩ ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአእምሮ አሠራር ልዩነት)፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብና ረጋ የማለት ችግር)፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ወይም ይህን የመሰለ እክል ያለባቸው ልጆች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ቤት በዋሉባቸው ወራት የደረሰባቸው ነገር፣ ያም ነገር በብዙ ቤት እስከ ዛሬ ያስከተለው ጣጣ ነው። የጸሐፊዎቹን ማንነት ለመጠበቅ ስማቸውን ትተናል፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናል።

ጥያቄ (አንዲት እናት፣ ከደብረ ማርቆስ)

«ልጄ ኦቲዝም እንዳለበት የተነገረኝ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ነው። በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲዘጋ አምስት ዓመቱ ነበር። የልዩ ፍላጎት ክፍል ገብቶ ሽንት ቤት መጠቀም፣ ‹ውኃ›፣ ‹እንሂድ›፣ ‹እማ› ማለት ለምዶ ነበር። ከተዘጋ በኋላ ግን በየማለዳው ቦርሳውን አንግቶ ከግቢው በር ሥር ይቆማል፤ እንቢ ስንለው ግንባሩን ከቆርቆሮው ያጋጫል። ክረምቱ ሳይወጣ ቃላቱ ጠፉ፤ ሽንቱንም በልብሱ መሽናት ጀመረ። አሁን ዐሥር ዓመት አልፎታል። ከቃላቱ ከፊሎቹ ተመልሰዋል፣ ሽንቱ ግን እስከ ዛሬ አልተስተካከለም። ጎረቤቶቼ ‹ቤት ዘግተሽበት ነው› ይሉኛል። እውነት ያበላሸሁት እኔ ነኝ? የቀረውስ ይመለሳል?»

መልስ

እህታችን፣ አላበላሹትም። ይህን ለማጽናናት ብቻ እንዳልተናገርሁት ለማወቅ ቀኖቹን መልሶ ማየት ይበቃል። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ የተወሰነው መጋቢት 7 ቀን ነው። በዚያው ወር ማብቂያ ላይ ባሕር ዳርንና እንጅባራን ጨምሮ በክልላችን አንዳንድ ከተሞች እንቅስቃሴ ታገደ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ መከፈት የጀመሩት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነው። በዚያ የሦስት ቀን ጥድፊያ ልጁን ለለውጡ የሚያዘጋጅበት ፋታ ያገኘ ወላጅ አልነበረም፤ ምን እንደሚደረግ የነገረዎት ባለሙያም ነበረ ብዬ አላስብም።

ከሁሉ የከበደው ደግሞ ልጅዎ ያጣው ትምህርቱን ብቻ አለመሆኑ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሰው የሚናገረውን፣ በፊቱ የሚያሳየውን፣ በዝምታው የሚገልጸውን አንብቦ ቀጥሎ የሚሆነውን መገመት ይቸግረዋል። ስለዚህ ቀኑን የሚያውቀው በማይለወጡ ምልክቶች ነው፤ ዩኒፎርም ሲለበስ፣ ባጃጁ ሲመጣ፣ ደወል ሲደወል፣ ምሳ ዕቃው ሲከፈት። እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፉበት። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር የቤቱ ምግብ ተለውጧል፤ እሑድ እሑድ ይዘውት ይሄዱ ከነበረም ቤተ ክርስቲያን መሄድ ቀርቷል፤ ሚያዝያ 11 ቀን የዋለው ፋሲካም ዘመድ አዝማድ ሳይሰበሰብ አልፏል። አፉንና አፍንጫውን በጨርቅ የሸፈነ ሰው ቤት ሲገባ ደግሞ ፊት ማንበብ ለሚቸገር ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። ቦርሳውን አንግቶ በር ሥር የቆመው ልጅ እልኸኛ ሆኖ አይደለም፤ ያስተማርነውን በትክክል እየፈጸመ ነበር።

ይህም በእርስዎ ቤት ብቻ የሆነ አይደለም። በሰሜን ጣሊያን በ2020 እ.ኤ.አ. የኦቲዝም ልጆች ያሏቸው 527 ወላጆች ተጠይቀው፣ ከዐሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሆኑት ጊዜው እንደከበዳቸው፣ ከዐሥሩ አራት ያህሉም የልጃቸው አስቸጋሪ ጠባይ ከቀድሞው ይበልጥ እየተደጋገመ መምጣቱን ተናግረዋል። ከእነዚያ ወላጆች መካከል ባለሙያን ከሩቅም ቢሆን የሚያገኙ ነበሩ። እኛ አገር ለኦቲዝም ልጆች የተቋቋሙት የታወቁ ማዕከላት፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ጆይም ሆነ ነህምያ፣ አዲስ አበባ ናቸው። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ያውም ዓባይን ተሻግሮ ማለት ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልለፍ። ልጅ ያወቀው ነገር የሚጠፋው በተለያየ ምክንያት ነው። በኦቲዝም ልጆች ዘንድ አስቀድሞ የተገኙ ጥቂት ቃላት ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው የሚጠፉበት ጊዜ አለ፤ ይህ ከእክሉ አመጣጥ ጋር የተያያዘ ነው። የልጅዎ ግን ከዚህ የተለየ ይመስለኛል። በቅርብ የተለመደና በአንድ ቦታ ብቻ የተለመደ ችሎታ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋ ነው። ልጅዎ ሽንት ቤት መጠቀም የተማረው በትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት፣ በመምህሯ ድምፅ፣ ከዕረፍት ደወል በኋላ ነው። ያ ሁሉ ሲቀር ችሎታው የሚንጠለጠልበት አጣ፤ ከፊሎቹ ቃላት መመለሳቸውም መሠረቱ እንዳልፈረሰ ያሳያል። ሆኖም አንድ ነገር ሳይጣራ መታለፍ የለበትም። በእንቅልፉ የሚንቀጠቀጥ፣ ድንገት ዐይኑ ፈዝዞ ለጥቂት ሰከንድ የማይመልስ፣ ወይም ያወቀውን በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚያጣ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ከሌሎች ልጆች ይልቅ በብዛት ይታያልና።

ሽንቱን በተመለከተ በመጀመሪያ የሆድ ድርቀትና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አለመኖሩን በጤና ጣቢያ ያስመርምሩ፤ ሆዱ የደረቀ ልጅ ሽንቱንም መቆጣጠር ያቅተዋል። ቀጥሎ ሽንት ቤቱን በእርሱ ዐይን ይመልከቱት። የብዙዎቻችን ግቢ ሽንት ቤት ጨለማ ነው፤ ወለሉ እርጥብ፣ ቀዳዳው ጥልቅ፣ ሽታው ከባድ፣ የቆርቆሮው በር ሲዘጋ የሚያስደነግጥ ድምፅ ያለው ነው። ድምፅና ሽታ ከሌላው ሰው ይልቅ ለሚያስጨንቀው ልጅ ይህ እንቢ የሚያሰኝ ቦታ ነው። ስለዚህ በሚችለው መቀመጫ ቤት ውስጥ ይጀምሩና መቀመጫውን በየሳምንቱ ወደ ሽንት ቤቱ ያስጠጉት፤ በሩ ሥር ሲደርስ በሩን ክፍት ትተው፣ ቀን በብርሃን፣ እጁን ይዘው ያስገቡት። ሰዓቱ አይለዋወጥ፤ እንደ ነቃ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከመተኛቱ በፊት። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሲሳካለት ወዲያው፣ እዚያው ቆማችሁ የሚወደውን ይስጡት፤ አንድ እፍኝ ቆሎም ቢሆን። ሳይሳካለት ሲቀር አይቆጡ፣ ብዙም አይናገሩ፤ ለውጠውት ይለፉ። በቤትም በትምህርት ቤትም የሚነገረው ቃል አንድ ይሁን፤ እናት «ሽንት ቤት» ስትል መምህሩ «ውጭ» ቢል ለእርሱ ሁለት ነገር ነው።

ቀኑን እንዲያውቀው ለማድረግ ደግሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አያስፈልግም። ከብስኩት ካርቶን አንድ ረዘም ያለ ቁራጭ ይቁረጡና የቀኑን ሥራዎች ከላይ ወደ ታች ይሣሉበት፤ ፊት መታጠብ፣ ቁርስ፣ ቦርሳ፣ ምሳ፣ ጨዋታ፣ ቡና፣ እራት፣ አልጋ። ሥዕሉ ማማር የለበትም፤ እርሱ ከለየው በቂ ነው። በየሥዕሉ አጠገብ የለስላሳ ቆርኪ ያስቀምጡ፤ አንዱ ሥራ ሲያልቅ ልጁ ራሱ ቆርኪውን አንሥቶ ጣሳ ውስጥ ይጣል። ትምህርት ቤት የማይኖርበት ቀን ሲመጣ የቦርሳውን ሥዕል በጠዋት ከእርሱ ጋር ሆነው ያንሡና በቦታው ሌላ ይተኩ። በር ሥር ከቆመ በኋላ ከመከልከል፣ ከመቆሙ በፊት ማሳየት ይሻላል። ለጠፉት ቃላትም ይኸው ሥዕል ያገለግላል። ውኃ ሲፈልግ ወደ ሥዕሉ ይጠቁም፤ እርስዎ «ውኃ» ብለው ትንሽ ይጠብቁና ይስጡት። ሥዕል ማሳየት የለመደ ልጅ ንግግር ይሰንፋል የሚባለው መሠረት የለውም።

ዕድሜው ዐሥር ማለፉን ሳይ አንድ ነገር ልጨምር። የጉርምስና ጊዜው እየቀረበ ስለሆነ ልብስ ማውለቅና መታጠብ የት እንደሚደረግ፣ ማንስ ሊነካው እንደሚችልና እንደማይችል ከአሁኑ ማስተማር ይጀምሩ።

ጥያቄ (አንድ አባት፣ ከፍኖተ ሰላም)

«ሰው ሁሉ ልጄ ባሰባት ይላል፤ የእኔ ልጅ ግን ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ተሻላት። ኦቲዝም እንዳለባት የተነገረን ዘግይቶ ነው፤ በደንብ ትናገራለች፣ በሒሳብም ጎበዝ ናት። ቤት በዋለችባቸው ወራት ማስመለሱም ጥፍር መንከሱም ተዋት። ከተመለሰች ወዲህ እንደገና ጀምሯታል። ባለቤቴ ‹ቤት ትቅር፣ እኔ አስተምራታለሁ› ትላለች። ምን ይሻላል?»

መልስ

ወንድማችን፣ ያዩት እውነት ነው፤ በሌሎች አገሮችም በርካታ ወላጆች ይህንኑ መስክረዋል። በአንድ ክፍል ስልሳና ሰባ ተማሪ በሚቀመጥበት ትምህርት ቤት የሚሰማው ጫጫታ፣ በዕረፍት ሰዓት ያለው ግፊያ፣ የልጆች ማሾፍ፣ «ለምን ዐይኔን አታይም?» የሚለው የመምህር ቁጣ ሁሉ ከእርሷ ላይ ተነሥቶላት ነበር። በተለይ ሴቶች ልጆች ሌላውን እያዩ መምሰል ስለሚችሉ ጭንቀታቸው ቀን ተደብቆ ይውልና ማታ ቤት ሲገቡ ይወጣል፤ እክሉም ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሚታወቀው በዚህ የተነሣ ነው።

ሆኖም ቤት መቅረቷን አልደግፍም። ቤት ስትውል የቀለላት ነገር ምን እንደሆነ ከራሷ ጠይቀው ይወቁ፤ በደንብ የምትናገር ከሆነ ትነግራችኋለች። ከዚያ ያንን ወደ ትምህርት ቤት መውሰድ ነው። በበሩ በኩል ባለ ዴስክ ከመጨረሻው ጥግ መቀመጥ፣ ከሰልፉ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መግባት፣ በዕረፍት ሰዓት ቤተ መጻሕፍት መቀመጥ፣ አንዲት ተግባቢ ጓደኛ አብራት እንድትሆን ማድረግ ርዕሰ መምህሩ ያለ ምንም በጀት ሊፈቅዷቸው የሚችሉ ናቸው። ቤት የቀረች ልጅ ጭንቀቷ ይቀንሳል፤ ዳሩ ግን የመመለሱ ፍርሃት በየወሩ እየከበደ ይሄዳል። ልጅቷ ሴት መሆኗንም አንዘንጋ፤ በገጠራችንም በከተማችንም በዚያ መዘጋት ሰበብ ቤት ቀርተው በዚያው የቀሩ ሴቶች ልጆች አሉ።

ጥያቄ (አንዲት እናት፣ ከቢቸና)

«ልጄ የተወለደው በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ነው። ሰው አይገባም አይወጣም ነበርና ስልክ እየሰጠሁት አደገ። እስከ ሦስት ዓመቱ ድረስ አንድም የአማርኛ ቃል አልነበረውም፤ በእንግሊዝኛ ግን እስከ ሃያ ይቆጥር ነበር። አሁን ዐረፍተ ነገር ይናገራል፤ ሰው ሲጠራው ግን አይዞርም፣ ከልጆችም አይጫወትም። ኦቲዝሙን ያመጣበት ስልኩ ነው?»

መልስ

ስልክ ኦቲዝም አያመጣም። ኦቲዝም በአብዛኛው ከዘር ጋር የተያያዘ፣ ከመወለድ በፊት የሚጀምር የአእምሮ አሠራር ልዩነት ነው፤ የእናት አያያዝም፣ ክትባትም፣ ስልክም ምክንያቱ አይደሉም። እንዲያውም ሰው ላይ ማተኮር የሚከብደው ልጅ አስቀድሞ ወደ ስልክ ስለሚሳብ፣ ወላጅ መዘዙን ምክንያት አድርጎ ይወስደዋል። ልክ የዚያን ሰሞን፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. አየርላንድ ውስጥ የተወለዱ 309 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት አለ። አንድ ዓመት ሲሞላቸው ትርጉም ያለው አንድ ቃል የሚናገሩት 77 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ከወረርሽኙ በፊት በተወለዱት ዘንድ ግን ይህ 89 በመቶ ያህል ነበር። ጎረቤት የማይገባበት፣ አክስት የማትስመው፣ «ቻው በል» የሚል እንግዳ የሌለበት ቤት ንግግርን ያዘገያል፤ ነገር ግን መዘግየትና ኦቲዝም አንድ አይደሉም።

የልጅዎ መዘግየት ብቻ መሆኑንና አለመሆኑን በደብዳቤ መለየት አይቻልም። በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ ዞር ይል ነበር? በ18 ወሩ የሚያስደንቀውን ነገር በጣቱ እየጠቆመ ያሳየዎት ነበር ወይስ እጅዎን ይዞ ወደ ዕቃው ይጎትት ነበር? ይህን አስታውሰው ይሂዱ፤ የሚጠየቁት ይህንኑ ነው። ሲጠራ የማይዞር ልጅ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ጆሮው ይመርመር። ከዚያ በደብረ ማርቆስ፣ ወይም በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የሕፃናትና የአእምሮ ሕክምና ክፍሎችን ይጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመከርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። የእርስዎ ልጅ ይህን ዕድሜ ቢያልፍም ስልኩን በአንድ ቀን አይንጠቁት፤ ሰዓቱን በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሱ፣ በምትኩ እርስዎ አጠገቡ ተቀምጠው የሚያየውን በአማርኛ እየጠሩለት ይሂዱ። ያ የሃያ ቁጥሩም ይጠቅማል፤ እንቁላል ሲቆጠር፣ ድንች ከከረጢት ሲወጣ ይቁጠርልዎት።

ጥያቄ (አንዲት እህት፣ ከቡሬ)

«እኅቴ የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ አላት። ከኮሮና ወዲህ ከቤት ወጥታ አታውቅም ማለት እችላለሁ። ባሏ በሥራ ሰበብ ሌላ ከተማ ነው። በዚያ ጊዜ መድኃኒቱ ስለጠፋ ልጅቷን ጸበል ወሰዷት፤ አሁን ደግሞ ‹ጸበል የጀመረች ልጅ መድኃኒት አትወስድም› ብለው ከለከሏት። እኅቴ ሌሊት አትተኛም፣ ታለቅሳለች፣ ‹እኔና እርሷ በአንድ ቀን ብንሞት› አለችኝ። ምን ላድርግ?»

መልስ

እህታችን፣ የደብዳቤዎን የመጨረሻ መስመር በዋዛ አልወስደውም። ዛሬውኑ አብረዋት ይዋሉ፤ ብቻዋንም አይተዋት። ራሷን ወይም ልጅቷን ለመጉዳት ታስብ እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቋት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም። እስኪያዩዋት ድረስ መድኃኒት፣ ፀረ ተባይና ስለታም ነገር ከአጠገቧ ያርቁ፤ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋምም ነገ ሳይሉ ይውሰዷት። ያላት የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናም አለው። አዎ ካለችዎት ወይም መልሷ ካስፈራዎት ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

የልጅቷን መድኃኒት በተመለከተ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያቋርጥ፣ ሕይወት የሚያጠፋ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። አሁንም የምትወስደው ከሌለ በራሳችሁ በቀድሞው መጠን አትጀምሩላት፤ ሐኪም አይቶ ይጀምርላት። ጸበሉን አንከለክልም፤ የእምነት ነገር ነው፣ ለእናትም ብርታት ይሰጣል። መድኃኒት መውሰድ ግን ከጸበል ጋር አይጣላም፤ ይህን የሚሉ የንስሐ አባቶች ብዙ ናቸውና የእኅትዎ የንስሐ አባት ለቤተሰቡ እንዲናገሩላት ያድርጉ። ከእኔ ጽሑፍ የእርሳቸው አንድ ቃል ይበልጣል። ጠበኛ ወይም ታማሚ ናት ብሎ ማሰር፣ ውኃ ውስጥ እየታገለች ማስያዝ፣ ማስጾም ግን የሚጥል በሽታ ላለባት ልጅ አደጋ ስለሆነ በማንኛውም ስም አይደረግ።

አሁን ስለ እኅትዎ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ መምህርም፣ ነርስም፣ ሞግዚትም፣ የሌሊት ዘበኛም የሆነችው እናት ናት። በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች የእነዚህ ልጆች እናቶች ጭንቀትና ድካም ጎልቶ ታይቷል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የመንደሩ ወሬ ይጨመርበታል። ልጅ ደብቃ የምታሳድግ እናት የደበቀችው ልጇን አይደለም፤ ሐሜቱን ነው የሸሸችው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው ሸክሙን ማካፈል ይገባል፤ ነገር ግን «እናግዝሽ» የሚል ጥቅል ቃል አይጠቅማትም። እርስዎ ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት ልጅቷን ይያዙ፣ ያን ጊዜ እኅትዎ ትተኛ፤ አንድ ዘመድ በወር አንድ ቀን መድኃኒት ያምጣ፤ ባለቤቷም የሚልከው ገንዘብ እንዳለ ሆኖ በየማታው ደውሎ ልጅቷን በስልክ ያጫውት። ልጅቷ የሚጥል በሽታ ሲነሣባት ማድረግ ያለባችሁን የሚይዛት ሰው ሁሉ ይወቅ፤ በጎኗ ማስተኛት፣ ከእሳትና ከስለት ማራቅ፣ አፏ ውስጥ ምንም አለማስገባት፣ ክብሪት አለማሽተት፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ።

የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት እክል ያለባቸውን፣ ከ2 እስከ 9 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና በአገራችንም ተሞክሯል፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ያለው ሲሆን፣ ከልጁ ጋር መጫወትን፣ አስቸጋሪ ጠባይን መያዝንና ወላጅ ራሱን መንከባከብን ያስተምራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን በወረዳችሁ ይህን የመሰለ ነገር እንዳለ ይጠይቋት። ባይኖርም በቡሬ ይህን የመሰለ ልጅ ያላት እናት እኅትዎ ብቻ እንዳልሆነች እርግጠኛ ነኝ፤ ሁለትና ሦስት ሆነው በየዐሥራ አምስት ቀኑ ቡና ቢጠጡ ብዙ ነገር ይቀላል።

ጥያቄ (አንድ መምህር፣ ከሞጣ)

«የልዩ ፍላጎት መምህር ነኝ። የኮሮናው አልፎ ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆቹን እንደ አዲስ ጀመርናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በጸጥታው ችግር መዘጋትና መከፈት አልተቋረጠም። በየጊዜው ከዜሮ መጀመር ሰለቸኝ። አስቀድሞ የሚዘጋጅ ነገር አለ?»

መልስ

መምህር፣ ጥያቄዎ ከሁሉም ደብዳቤዎች በፊት መምጣት የነበረበት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተከሠተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ በመዘጋታቸው፣ በኮሮና ጊዜ የታየው ነገር ለጎጃም ልጆች አላበቃም። በዚያን ጊዜ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ትምህርት ተሰጥቶ ነበር፤ የእርስዎን ተማሪዎች ግን ብዙም አልደረሳቸውም፤ ለአንድ ሰዓት ሬዲዮ ሰምቶ መልመጃ የሚሠራ ልጅ ወደ እርስዎ ክፍል አይመጣምና።

ስለዚህ ማስተማሪያው ከትምህርት ቤቱ ሕንፃ ጋር አብሮ የሚቆለፍ አይሁን። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ይጻፉ፤ የሚወደው፣ የሚፈራው፣ ሲጨነቅ የሚያረጋጋው፣ በአሁኑ ጊዜ እየተማረ ያለው ሁለት ወይም ሦስት ነገር፣ የሚጠቀምባቸው ቃላትና ሥዕሎች፣ መድኃኒቱና መጠኑ። የክፍሉን ሥዕሎች በሁለት ቅጂ ሠርተው አንዱን ወደ ቤት ይላኩ፤ አንዱን ችሎታ ሁልጊዜ በክፍልም በቤትም እንዲለማመዱት ወላጆችን ያሠልጥኑ። በመዘጋት ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን አጭር ስልክ፣ ኔትወርክ ሲኖር፣ ከወላጅ ጋር ብቻ ሳይሆን ልጁም ድምፅዎን እንዲሰማ ይደውሉ። ሲከፈትም በመጀመሪያው ሳምንት ፊደልና ቁጥር አይፈትኗቸው፤ ቦታቸውን፣ መንገዱን፣ ሽንት ቤቱንና እርስዎን እንደገና ይልመዱ፤ ግማሽ ቀን እየዋሉ ይጀምሩ። ለወላጆች ደግሞ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከማለቁ በፊት እንዲያስሞሉ፣ ሐኪሙም ሲቻል ለረዘመ ጊዜ እንዲያዝ ይጠይቁ ብለው ያሳስቧቸው።

ለወረዳው የሚያቀርቡት አንድ ጥያቄም አለ። በኮሮና ጊዜ ፈረንሳይና ብሪታንያ ኦቲዝም ላለባቸው ሰዎች ከቤት የመውጣቱን ደንብ በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. አላልተውላቸዋል፤ ለእነዚህ ሰዎች መንቀሳቀስ ቅንጦት አይደለምና። በስፔን ፈቃዱ እያለ ከየሰገነቱ ይጮኹባቸውና ይሰድቧቸው ስለነበር፣ አንዳንድ ወላጆች የልጃቸው ክንድ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ እስከ ማሰር ደርሰዋል። እኔ የጨርቁን ነገር አልወደድሁትም፤ ልጅን በምልክት ማስለየት እኛ ዘንድ ሌላ ችግር ያመጣል። ነገር ግን ሰዓት እላፊም ሆነ የመንገድ መዘጋት ሲኖር፣ ልጁ የዕድገት እክል እንዳለበትና ወደ ሕክምና መሄድ እንደሚያስፈልገው የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ከጤና ተቋሙ ቢሰጥ፣ ፍተሻ ላይ ሲጠሩት የማይመልስን፣ «ቁም» ሲሉት የሚሮጥን ልጅ ከአደጋ ያድናል። ደብዳቤው በወላጅ ኪስ ይሁን፤ የልጁን ገጽ ደግሞ ወላጅ፣ እርስዎና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አንድ አንድ ቅጂ ያዙና በየሴሚስተሩ ማብቂያ አድሱት።